ይድረስ ለተከበሩት የጎረቤቴ ቤዝ ስፒከር

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት
ጉዳዩ፦ እንቅልፌ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? ለወጉ ያህል ጠየቅኩ እንጂ ደህና መሆንዎን ግድግዳው ነግሮኛል። አሁንም እየነገረኝ ነው።

ምናልባት አያውቁኝ ይሆናል። ከግድግዳው ወዲህ ያለሁት ሰውዬ ነኝ። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው ወደ ግራ። እርስዎ ወደ ቀኝ ነዎት። በመካከላችን አንድ ረድፍ ብሎኬት አለ፤ ወዲህም ወዲያም ተለስኗል። ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ነው። የአልጋዬ ራስጌ ወዲህ፣ እርስዎ ወዲያ። ባልና ሚስት እንኳ እንዲህ ተጠጋግቶ አያድርም።

እርግጥ ይህ ደብዳቤ መጻፍ የነበረበት ለጌታዎ ነው። ግን አይሆንም። ከጌታዎ ጋር ዛሬ ታርቀናል። ሽማግሌ ባለበት ተሳስመናል፤ ቃለ ጉባኤ ላይ ፈርመናል። ታርቆ ዞር ብሎ መናገር ነውር ነው። ከእርስዎ ጋር ግን ማንም አላስታረቀኝም።

ነገሩ ሲሆን እርስዎ መብራት ጠፍቶብዎት ስለነበር ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

ማመልከቻዬን ያስገባሁት ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ወረዳ ሄድኩ፤ ደንብ አስከባሪ ጋ ሂድ ተባልኩ። ደንብ አስከባሪ ጋ ሄድኩ፤ መጀመሪያ የግቢው ማህበር ያጣራ ተባልኩ። ማህበሩ ጋ ሄድኩ፤ ጸሐፊዋ ማህተሙን ቆልፋ ለቅሶ ሄዳለች። የቀረውን ይህን ደብዳቤ በትከሻዎ አሻግሮ የሚያነብ ሁሉ ያውቀዋል። ብቻ በመጨረሻ ኮሚቴው ቅዳሜ 4 ሰዓት ላይ በአካል ተገኝቶ እንዲያጣራ ተወሰነ።

እኔም ተሰናዳሁ። ቤቱን አጸዳሁ፤ የተተኮሰ ሸሚዝ ለበስኩ። ከሁሉ ያስጨነቁኝ እርስዎ ነበሩ። ዛሬ ዝም ቢሉስ? አሮጌ መኪና መካኒክ ጋ ሲደርስ ድምፁ ይጠፋል አይደል? ግን አላሳፈሩኝም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ አንድ ፊልም ይዘዋል፤ ከተማ የሚፈርስበት ዓይነት። የመስኮቴ መስታወት ይርገፈገፋል። ብፌው ላይ ሲኒዎቹ ይንሾካሾካሉ። ደስ አለኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በልቤ "ጨምርበት!" አልኩ።

4 ሰዓት የተባለው ኮሚቴ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ደረጃው ሥር ታየ። አራት ናቸው፤ ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊዋ፣ የብሎካችን ጡረተኛ ሽማግሌና አንድ ስልክ የያዘ ልጅ። ልጁ "ባለሙያ" ተብሎ ነው የመጣው። ስልኩ ላይ ድምፅ የሚለካ አፕ ጭኗል። አንደኛ ፎቅን አለፉ። ሁለተኛው ላይ ሽማግሌው ትንፋሽ ሊሰበስቡ ቆሙ። እኔ ከላይ ሆኜ "በርቱ አባባ፣ ደርሰዋል" እላለሁ። እርስዎ ከጀርባዬ ዱም፣ ዱም። ሽማግሌው የመጨረሻውን ደረጃ ሲረግጡ መብራት ጠፋ።

ጸጥ።

እንዲህ ያለ ጸጥታ በዚህ ፎቅ ላይ ሰምቼ አላውቅም። ግቢው ውስጥ የሆነ ሰው ምንጣፍ ሲያራግፍ ይሰማል። ሌላ ቀን ቢሆን ተመስገን ብዬ ጋደም እል ነበር።

"እሺ፣ የቱ ጋ ነው ድምፁ?" አሉ ሊቀመንበሩ።

"አሁን እኮ ነበር። መብራት ሄዶ ነው" አልኩ። ስናገረው ለራሴም ውሸት መሰለኝ።

እስኪመጣ እንጠብቅ ተባለና ሳሎኔ ገቡ። ጌታዎም ተጠርቶ መጣ። እንዴት ያለ ጨዋ ነው! ለሽማግሌው ወገቡ እስኪቆረጥ ጎንበስ አለ፤ ለእናቴ ከሰሉን ሊያያይዝላት ተነሳ። እናቴ ከአገር ቤት መጥታ እኔ ጋ ናት። እሷ ባለችበት እንግዳ ባዶ አፉን አይሄድም። ቡናዋን ቆላች፤ ጭሱን ለሁሉም አዞረች። ወግ ተጀመረ። የታክሲ ሰልፍ ተነሳ፤ የዘይት ዋጋ ተነሳ፤ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ክርክር ሆነ። ኮሚቴው ለምን እንደመጣ የረሳ መሰለኝ።

ልጁ ግን አልረሳም። "እስቲ ዝም በሉልኝ፣ ልለካ" አለ። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። ይሄኔ ከወጥ ቤት ጓ! ጓ! ጓ!

እናቴ ቡናውን መውቀጥ ጀምራለች።

"78!" አለ ልጁ። "ኧረ ይሄስ ከባድ ነው!"

ጸሐፊዋ ጻፈች።

"ሙቀጫ እኮ ነው! የኛው ሙቀጫ ነው!" አልኩ።

"እኮ፣ እሱኑ ነው የጻፈችው" አሉ ሊቀመንበሩ፣ ረጋ ብለው።

ቃለ ጉባኤው አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። እንዲህ ይላል፦ "በአካል ተገኝተን ባደረግነው ማጣራት ከአመልካች ቤት መጠኑ 78 ዴሲቤል የሆነ የሙቀጫ ድምፅ የተሰማ ሲሆን፣ ቅሬታ ከቀረበበት ቤት ግን ምንም ዓይነት ድምፅ ያልተሰማ በመሆኑ፣ አመልካች ከሙቀጫው ሥር ጨርቅ እንዲያደርጉ ተመክረው ጉዳዩ በስምምነት ተዘግቷል።"

ፈረምኩ። በሦስት ኮፒ። ለምን ፈረምክ አይበሉኝ። ሽማግሌው እስክሪብቶውን ከፍተው አቀበሉኝ፤ ሲኒው በእጄ ነው፤ ሰው ሁሉ እኔን ያያል። እርስዎም ቢሆኑ ይፈርሙ ነበር።

ከዚያ "ተነሱ፣ ተሳሳሙ" ተባለ። "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት" የሚለው ተተረተ። ጌታዎ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "እኔ እኮ ጋሼን አልተቀየምኳቸውም፤ እንደ አባቴ ናቸው" አለ። ቀጠለና፣ "ሙቀጫውም ቢሆን ያን ያህል አይረብሸንም" አለ።

ይቅር ብሎኛል ማለት ነው። ምን ልበል? "አመሰግናለሁ" አልኩ።

ኮሚቴው ሦስተኛውን ጠጥቶ፣ መርቆ ወጣ። አንደኛ ፎቅ ሳይደርሱ መብራት መጣ። ግቢው ውስጥ ያሉት ሕፃናት "መጣ!" ብለው ጮሁ። ጌታዎ ለካ ሳያጠፋዎት ነው የመጣው። ከተማው ከቆመበት መፍረሱን ቀጠለ። ረከቦቱ ላይ የቀሩት ሲኒዎች ተንጫጩ። ወደ በረንዳ ሮጥኩ። "ይኸው! ይኸው ስሙት!" ብዬ ጮህኩ። ሊቀመንበሩ ከታች ቀና አሉ። ፈገግ ብለው ትከሻቸውን ሁለቴ ሰበቁልኝ፤ በእስክስታ። ሄዱ።

ልጁን ግን አልወቅሰውም። መብራት ቢኖርም ስልኩ እርስዎን አይዝዎትም ነበር። ይህን ያወቅኩት ሌሊት ሌሊት በማንበብ ነው፤ ለማንበቢያ የሚሆን ጊዜ አላሳጡኝም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ድምፅ የሚለካበት የተለመደው ሚዛን ለሰው ጆሮ ተብሎ የተሠራ ነው። ጆሯችን ወፍራሙን ድምፅ ደከም አድርጎ ስለሚሰማ ሚዛኑም ይቀንስለታል። በሰከንድ 40 ጊዜ ለሚርገበገብ ድምፅ፣ ማለትም ለእርስዎ ዓይነቱ፣ ወደ 35 ዴሲቤል ያህል ይነሳለታል። ለሙቀጫ ግን ይህን የመሰለ ቅናሽ የለም። የስልክ ማይክ ደግሞ ለሰው ንግግር ተብሎ የተሠራ ስለሆነ እርስዎን ገና ከመነሻው አያከብርዎትም። እንግዲህ በሕግ ፊት ሹክሹክታ ነዎት። አልጋዬ ላይ ግን ካሚዮን ነዎት።

ሌላም አነበብኩ። የዚሁ የ40 ርግብግቢት ሞገድ ርዝመቱ 8 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። መኝታ ቤቴ 4 ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ራስዎን ጌታዎ ሳሎን አድርገው እግርዎን በእኔ አልጋ ላይ ዘርግተው ወጥ ቤት ያደርሱታል። ቀጫጭኑን ድምፅ ግድግዳው ያስቀረዋል። ዘፋኟ ወዲያ ትቀራለች፤ ክራሩም ወዲያ ይቀራል። የሚሻገሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ዜማ የለ፣ ግጥም የለ። ፊልም ሲሆን ማን እንደተገደለ አላውቅም፤ መገደሉን ብቻ ነው የማውቀው።

ስለ ኳሱ ብዙ አልልም። እኔ በስልኬ የማየው ጨዋታ ግማሽ ደቂቃ ያህል ወደኋላ ይቀራል። ጎል መግባቱን የሚነግሩኝ እርስዎ ነዎት፤ የእኔው ሰውዬ ኳሷን ገና መሐል ሜዳ ላይ እየገፋ።

እሁድ ጠዋት መዝሙር ሲሆኑ ደግሞ ማን አፉን ይከፍታል? ሌሎች የሰፈሩን ድምፅ ማጉያዎች በዚህ ደብዳቤ አላነሳም። የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነኝ።

አንድ ነገር ግን ቅር ብሎኛል። ስፖንጄ። ባለፈው ለጌታዎ ልጅ ልደት የተጠራሁ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ተያየን። ሥራዎን ለማያውቅ ሰው ምስኪን ነው የሚመስሉት። ጥቁር ሳጥን፣ በላዩ በእጅ የተሠራ ነጭ ዳንቴል፣ በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ ጽጌረዳ። ሪሞትዎ ላስቲክ እንደተጠቀለለች ነው። ከጎንዎ ባለው ቀዳዳ በተነፈሱ ቁጥር የዳንቴሉ ጫፍ ብድግ ቁጭ ይላል። የተቀመጡት ጥግ ላይ ነው፤ ሁለቱ ግድግዳና ወለሉ ያግዙዎታል፣ ያለ ደመወዝ። ለጌታዎ ቀስ ብዬ አጫወትኩት። ከጥጉ ትንሽ ፈቀቅ ብታደርገው፣ ከሥሩ ወፈር ያለ ስፖንጅ ብታነጥፍለት፣ ሴቲንጉ ውስጥ "ናይት ሞድ" የሚባል ካለ ማታ ማታ ብትከፍተው፣ ቤዙን ብቻ ቀነስ ብታደርገው አንተም ፊልምህን ታያለህ፣ እኔም... አልኩ። "በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው ጋሼ" አለ። ጌታዎ እምቢ አይልም፤ ችግሩም ይኸው ነው። እምቢ ቢል እንጣላና ይለይልን ነበር። በማግስቱ ስፖንጅ የሚሸጥበት ሄጄ፣ አስለክቼ አስቆርጬ አመጣሁለት። አመሰገነኝ። ከሳምንት በኋላ በሩ ተከፍቶ ሳልፍ ልጁ ተቀምጦበት ካርቱን ያያል። ወለሉ ይቀዘቅዘዋል አሉ።

ሕግም አለ ብለውኛል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225፣ ባለቤት የሆነ ሰው ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጢስ፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል። ንዝረት! እርስዎ ከመወለድዎ በፊት አስበውዎት ነበር። የአካባቢ ጥበቃው መመዘኛ ደግሞ በመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ 45 ዴሲቤል ይላል። በዚህ ሂሳብ ሕግ የጣሰችው የእኔ እናት ናት።

እዚህ ላይ ነው የማልችለው።

እናቴ የመጣችው ለልብ ክትትል ነው። ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት፣ ከ7 ሰዓት በኋላ፣ መብራት ሳበራ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። እጇን ደረቷ ላይ ጭናለች። "ልጄ" አለችኝ፣ "ይሄ የኔ ልብ ነው?" ምን እንደምትል አልገባኝም። ከዚያ ሰማሁት። ዱም፣ ዱም፣ ዱም። መዳፌን ግድግዳው ላይ አደረግሁ። "ግድግዳው ነው እማዬ። ያንቺ አይደለም።" አላመነችኝም። መዳፌን ወስዳ ደረቷ ላይ አደረገችው፤ ሁለቱን እንድለይላት። ትንፋሿን ይዛ ትጠብቀኛለች።

አንተ! አንተ ሳጥን! ምን ቸገረህ አንተ? ሰው እኮ ናት! ስንት ልጅ አሳድጋ፣ ስንት ሰው ቀብራ፣ በስተርጅና በራሷ ልብና በአንተ ሆድ መካከል መለየት ያቅታት? ሌሊቱን ተቀምጣ አነጋችው። እኔም 11 ሰዓት ላይ ተነስቼ ባስ ሰልፍ ገባሁ። ጌታህን ከሥራ ስመለስ ደረጃ ላይ አገኘሁትና ነገርኩት። ሳቅ አለ። "እማማ ፊልም አይወዱም እንዴ?" አለኝ። ዛሬ ደግሞ ያቺው ሴትዮ ለእርሱ ቡና አፈላች። ያን ሙቀጫ ከአገር ቤት በአውቶቡስ፣ በጭኗ ላይ ይዛ ነው ያመጣችው። የወቀጠችው ለእርሱ ነው! የመጀመሪያውን ሲኒ የሰጠችው ለእርሱ ነው! እና "ከአመልካች ቤት የሙቀጫ ድምፅ" ተብሎ ተጻፈባት። እኔም ፈረምኩ። ከወጡ በኋላ ምን እንደተጻፈ ጠየቀችኝ። "ጉዳዩ አልቋል ነው የሚለው" አልኳት። "እሰይ" አለች።

ይቅርታ። አንቱታው አምልጦኝ ነው።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ዝም ይበሉ አላልኩም። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ እግርዎን ሰብሰብ ያድርጉልኝ ነው የምለው። ለጊዜው ይኸው ነው፤ ልተኛ ልሞክር።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ አቁሜው ነበር። ግን ዛሬ እሁድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ጌታዎ ነው፤ ታጥቦ፣ ሽቶ ተቀብቶ። "ጋሼ፣ አንድ ጊዜ እጅዎን ያውሱኝ" አለ። ደረጃው ግድግዳ ላይ ማታ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የነዋሪዎች ጠቅላላ ጉባኤ፣ እሁድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ግቢው ውስጥ። አጀንዳ አንድ፣ የውሃ ታንከር። አጀንዳ ሁለት፣ የጥበቃዎች ደመወዝ። አጀንዳ ሦስት፣ የድምፅ ብክለት። ከሥሩ በእስክሪብቶ ተጨምሮበታል፦ "ድምፅ ማጉያ በነዋሪ ትብብር ተገኝቷል። እናመሰግናለን።"

እርስዎ ነዎት።

ማውረድ ያለብን ሁለት ሆነን ነው፤ ጌታዎ ትንንሾቹን ስፒከሮችና ገመዱን ያዘ። እርስዎ ለእኔ ደረሱኝ። ከሚያሰሙት ድምፅ አንፃር ቀላል ነዎት፤ የአንድ ዓመት ልጅ ያህል። ዳንቴልዎን አነሱልዎት። አቀፍኩዎት። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር የሚባለው እውነት ነው፤ ደረጃው አልታይ አለኝ። ሁለተኛ ፎቅ መታጠፊያው ላይ አንዱ ጎንዎ ከእጄ ተንሸራተተ። በዚያች ቅጽበት ብዙ ነገር አሰብኩ። ቀጥሎ የሚጻፈውን ቃለ ጉባኤ አሰብኩ። ማን እንደሚያስታርቀን አሰብኩ። አጥብቄ ያዝኩዎት።

ግቢው ውስጥ ወንበሮቹ ተደርድረዋል። ሊቀመንበሩ ሲያዩን አጨበጨቡ። "ይኸዋ! ጉርብትና ማለት ይሄ ነው!" አሉ፤ ሰውም አጨበጨበ። ሲሚንቶው ላይ ላስቀምጥዎት ጎንበስ ስል ጌታዎ "ቆይ! ቆይ ጋሼ!" ብሎ ጮኸ። ልጁን ወደ ላይ ላከው። ልጁ እየሮጠ ተመለሰ። ስፖንጄን ይዟል።

"ሲሚንቶ ላይ እንዲሁ ከተቀመጠ እኮ ይነዝራል" አለኝ ጌታዎ፣ ከሥርዎ እያነጠፈልዎት። "ድምፁ ይበላሻል።"

ከሰላምታ ጋር፣
ከግድግዳው ወዲህ ያለሁት

ግልባጭ፦
ለሙቀጫው፣ እንዲያውቀው